ምዕራፍ አምስት፦ ዕድሜውን የሚናገር ቀለበት

በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ፕላቲኒየም ለጌጣጌጥ እንዳይውል ከለከለ። ዓለም በጦርነት ላይ ነበረች። ለፈንጂ መሥሪያ የሚያስፈልገው ናይትሪክ አሲድ በፋብሪካ ሲመረት ሂደቱን የሚያፋጥነው ፕላቲኒየም ስለሆነ ብረቱ ከወርቅ ሠሪዎች እጅ ወጥቶ ለጦርነቱ ዋለ። እጮኛቸውን ወደ ግንባር የሸኙ አሜሪካውያት በእነዚያ ዓመታት ያጠለቁት ቀለበት ከቢጫ ወርቅ፣ መዳብ ከበዛበት ቀላ ያለ ወርቅ፣ ከነጭ ወርቅ ወይም ከፓላዲየም የተሠራ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ አንድ ሻጭ የፕላቲኒየም ቀለበት አውጥቶ «በ1943 ኒውዮርክ ውስጥ የተሠራ ነው» ቢል ገዢው ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። ቀለበቱ የውሸት ላይሆን ይችላል። ከክልከላው በፊት ወይም ከጦርነቱ በኋላ ተሠርቶ ሻጩ ዓመቱን በግምት ተናግሮ ይሆናል። ነገር ግን የሻጩ ቃልና የብረቱ ቃል አልገጠሙም፤ ገዢው የሚከፍለው ደግሞ በሻጩ ቃል ተማምኖ ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በግምት ከ1935 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት፣ የተሠሩ የእጮኝነት ቀለበቶች ዛሬ በውጭ አገር በአሮጌ ጌጣጌጥ መሸጫዎች፣ በጨረታ ቤቶችና በኢንተርኔት በብዛት ይገኛሉ። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወጣት ቀለበት ለማሰር ሲያስብ ከእነዚህ አንዱን ቢመርጥ ደስ ይለኛል። በዚያ ዘመን የተሠራ ደህና ቀለበት ዛሬ በየሱቁ መስኮት ከተደረደሩት ተመሳሳይ ቀለበቶች ይልቅ የሠሪው ጥንቃቄ ይታይበታል። ችግሩ፣ እኛ ያደግነው ወርቅ ቤት ገብተን ወርቅ በግራም ሲመዘን እያየን ነው። ሚዛኑ ስለ ወርቁ ይነግረናል። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሠሪውና ስለ ዘመኑ ግን ምንም አይለንም።

ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ምክር አንድ ነው። አሮጌ ቀለበት አራት ምስክሮች አሉት፦ ብረቱ፣ ድንጋዩ፣ የድንጋዩ አቆራረጥና ማኅተሙ። አራቱም ስለ ዕድሜያቸው የሚሰጡት ቃል ከተስማማ ቀለበቱ የተባለውን ነው። ካልተስማማ፣ ለምን እንዳልተስማማ እስኪታወቅ ድረስ ገንዘብ አይከፈልም።

ለደመወዝተኛ የተሠራ አልማዝ

ለእጮኛ የአልማዝ ቀለበት መስጠት ከጥንት የወረደ ልማድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከቀድሞም የሚሰጡ ነበሩ፤ ቲፋኒ አልማዙን በስድስት ጥፍር ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ታዋቂ ቀለበቱን ያወጣው በ1886 ነው። ተራው ደመወዝተኛ እንደ ግዴታ የተቀበለው ግን በምንናገርለት ዘመን ነው። የደቡብ አፍሪካን የአልማዝ ገበያ በእጁ ያደረገው ደ ቢርስ በ1938 ኤን ደብልዩ አየር የተባለውን የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። በ1947 የድርጅቱ ጸሐፊ ፍራንሲስ ጌሬቲ አልማዝን ከዘላለም ጋር ያቆራኘችበትን አጭር መፈክር ጻፈች፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው መጽሔት የመቶ ዘመኑ ምርጥ መፈክር ብሎ መረጠው።

ይህ የንግድ ታሪክ ዛሬ ቀለበት ለሚመርጥ ሰው በቀጥታ ይጠቅማል። መፈክሩ የተነገረው ከጦርነት ለተመለሰ ወታደር፣ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለመምህር ነው። እነዚህ ሰዎች ትልቅ አልማዝ መግዛት አይችሉም ነበር። ጌጣጌጥ ሠሪዎቹ ለእነሱ ያገኙት መላ በዘመኑ ቀለበቶች ላይ ደጋግሞ ይታያል፦ ትንሿ አልማዝ በሚያብረቀርቅ ነጭ ብረት መካከል ትቀመጣለች፤ የብረቱ ዙሪያ ራሱ እንደ አልማዝ ገጽ በገጽ ተቆርጦ ስለሚያበራ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ድንጋይ ይመስላል። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። የዋህ ዓይን ለማታለል የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ደሞዙ ትንሽ የነበረ ሰው በእጁ ያለውን ብርሃን ሁሉ ለሚወዳት ለመስጠት የሞከረበት ሥራ ነው።

ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ መለካት ግን ያስፈልጋል። የአልማዝ ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ነው። በዛሬው መጠን የተቆረጠ ክብ አልማዝ 1 ካራት ሲሆን ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ያህል፣ ግማሽ ካራት ሲሆን 5.2፣ ሩብ ሲሆን 4.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሻጩ «ግማሽ ካራት የሚመስል» ካለ የሚለካው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ የብረቱ ዙሪያ አይቆጠርም። አሮጌ አልማዞች ብዙ ጊዜ ጥልቀታቸው ስለሚበልጥ በተመሳሳይ ስፋት ትንሽ ከፍ ያለ ክብደት ይኖራቸዋል፤ ስለዚህ ልኬቱ ግምት ይሰጣል እንጂ ሚዛን አይተካም።

በዚያው ዘመን ቀለበቶች በጥንድ መሸጥም ተለመደ፤ የእጮኝነቱና የጋብቻው ቀለበት ጎን ለጎን እንዲገጥሙ ተደርገው ይሠራሉ። ኪፕሴክና አርትካርቭድ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ስማቸውን በቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል እያተሙ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን በብዛት ሸጠዋል። ጥንዱ ሳይለያይ ከተገኘ ይመረጣል። ቅርጹ ለጓደኛው ተብሎ የጎበጠ ቀለበት ብቻውን ሲገዛ ለጋብቻው ቀን የሚገጥመውን ማሠራት ግድ ይሆናል፤ ይህም ወጪ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፕላቲኒየም ተመለሰና ፋሽኑ ወደ ነጭ አዘነበለ። የ1950ዎቹን መልክ ለማወቅ ግሬስ ኬሊ የሞናኮው ልዑል ሬይኒዬ እጮኛ ስትሆን ከካርቲዬ የተሠራላትን ቀለበት ማየት ይበቃል፦ ከ10 ካራት በላይ የሆነ፣ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ ባለ አራት ማዕዘን አልማዝ፣ በግራና በቀኙ ሸንቀጥ ያሉ ሁለት አልማዞች። በ1956 በወጣው «ሃይ ሶሳይቲ» ፊልም ላይ በጣቷ አድርጋው ትታያለች። ለተራው ገዢ የቀረበው ቀለበት ይህንኑ መልክ በትንሽ ድንጋይ የያዘ ነበር፤ መሃል አንድ ክብ አልማዝ፣ ጎንና ጎኑ ቀጠን ያሉ ረዣዥም አልማዞች። የ1940ዎቹ ቀለበት ግን ሌላ ነው። ወርቁ ወፈር ያለ፣ ቅርጹ የታጠፈ ጨርቅ ወይም የተቋጠረ ጥብጣብ የሚመስል፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው። ምርጫው የገዢው ቢሆንም የእኔ ልብ ወደ 1940ዎቹ ያደላል። በጠይም ጣት ላይ ቀላ ያለ ወርቅ የሚሰጠውን ድምቀት ነጭ ብረት አይሰጠውም።

ድንጋዩ ከቤቱ ሊያረጅ ይችላል

በሐምሌ 1947 ልዕልት ኤልሳቤጥ ለፊሊፕ ስትታጭ ያጠለቀችው ቀለበት አዲስ ነበር። አልማዞቹ ግን አዲስ አልነበሩም፤ ከፊሊፕ እናት ከልዕልት አሊስ ዘውድ ላይ የተነቀሉ ናቸው። ቀለበቱ የ1947 ነው፤ ድንጋዩ ከዚያ ይቀድማል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። የእናት ወይም የአያት አልማዝ ከአሮጌ ቀለበት ወጥቶ በአዲስ ፋሽን ብረት ላይ ይተከል ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ድንጋይ ከተቀመጠበት ብረት ሊያረጅ ይችላል። ከብረቱ ዘግይቶ የመጣ ከሆነ ግን በኋላ የተተካ ነው። ምስክሮቹን ማስማማት ስል ይህን ማለቴ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓመት ይጥሩ ማለት አይደለም፣ የማይቻል ነገር አይናገሩ ማለት ነው። ባለቤቷ ራሷ የቀየረችውም አለ። ዣክሊን ቡቪዬ በ1953 ለጆን ኬኔዲ ስትታጭ የተሰጣት የቫን ክሌፍ ኤንድ አርፔልስ ቀለበት አንድ ኤመራልድና አንድ አልማዝ ጎን ለጎን የያዘ ነበር፤ በ1962 ሌሎች አልማዞች ተጨምረውበት መልኩ ተለወጠ። ያ ቀለበት የሁለቱም ዓመት ነው፤ ክብሩም አልቀነሰም። በገበያ ላይ የሚያስጠይቀው ለውጡ የተደበቀ ጊዜ ነው።

የአልማዙን ዕድሜ የሚናገረው አቆራረጡ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ በስፋት የተቆረጠው ክብ አልማዝ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጹ ጠበብ፣ አናቱ ከፍ ያለ ነው፤ የታችኛው ጫፉ ሹል ሳይሆን በጥቂቱ የተቆረጠ ስለሆነ ከላይ ሲያዩት መሃል ለመሃል ትንሽ ክብ ነጥብ ይታያል። በ1919 ማርሴል ቶልኮውስኪ የተባለ ከአልማዝ ቆራጭ ቤተሰብ የተወለደ መሐንዲስ፣ ብርሃን ወደ ድንጋዩ ገብቶ በላይ በኩል እንዲመለስ ገጾቹ በስንት ማዕዘን መዘንበል እንዳለባቸው በሒሳብ አስልቶ በመጽሐፍ አወጣ። ቆራጮች ግን በአንድ ቀን አልተለወጡም። ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የተቆረጡ ብዙ አልማዞች ከአሮጌውም ከአዲሱም የወሰዱ ናቸው፤ ገጹ ሰፋ ብሏል፣ የታችኛው ነጥብ አንሷል ወይም ጠፍቷል። በ1950ዎቹ ዛሬ የምናውቀው ባለ 57 ወይም 58 ገጽ አልማዝ የበላይነቱን ያዘ።

የመሸጋገሪያው ዘመን አልማዝ በእኔ ዓይን ከሁሉም ይበልጣል። የዛሬው አልማዝ ብርሃኑን አድቅቆ ይበትነዋል፤ ያኛው ሰፋ ሰፋ አድርጎ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ልዩነቱ በሱቅ ውስጥ ባለው ኃይለኛ መብራት አይታይም። ቀለበቱን ወደ መስኮት፣ ከተቻለም በሻማ ወይም በደብዛዛ አምፖል ብርሃን ወስዶ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን አልማዝ «በዘመናዊ መንገድ እናስቆርጠው» ይላሉ። እባክዎ አያስቆርጡት። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውን የሚናገርበት ምስክርም አብሮ ይጠፋል።

በመሃሉ ድንጋይ ተመስጠው የጎኖቹን ትንንሽ አልማዞች የሚረሱ ገዢዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ግን በጣም ይናገራሉ። በዘመኑ ትንንሾቹ አልማዞች ብዙ ጊዜ የሚቆረጡት በ17 ወይም በ18 ገጽ ብቻ ነበር። ሲያዩዋቸው ጥቂትና ንጹሕ ብልጭታ አላቸው። ከስድስቱ አምስቱ እንዲህ ሆነው ስድስተኛው ደቃቅ ብልጭታ ከረጨ እሱ በኋላ የተተካ ነው። መተካቱ ነውር የለውም፤ ሻጩ ማወቁና መናገሩ ነው ቁም ነገሩ። እነዚህ ትንንሽ አልማዞች የተቆረጡበት ቦታም የራሱ ታሪክ አለው። በ1940 ጀርመን ቤልጅየምን ስትይዝ የአንትወርፕ አልማዝ ቆራጮችና ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ ተሰደዱ። ኒውዮርክ የደረሱት የ47ኛው መንገድን የአልማዝ ሰፈር አደመቁት። በእነዚያው ዓመታት በፍልስጤም ምድር አዲስ የቆረጣ ሥራ አደገ፤ ከማዕከሎቹ አንዷ ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ኔታንያ ነበረች፤ የዚያ ሥራ ዋነኛ ምርትም ትንንሽ አልማዝ ነበር። ስለዚህ በ1945 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ቀለበት ጎን ላይ ያለች አልማዝ ኔታንያ የተሞረደች ልትሆን ትችላለች።

ዕድሜያቸው በትክክል የሚታወቅ ድንጋዮች ደግሞ ነገሩን ያቀሉታል። ታንዛናይት በታንዛኒያ የተገኘው በ1967 ነው። አልማዝ የሚመስለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ለገበያ የቀረበው ከ1976 በኋላ ነው፤ ሞይሳናይት ደግሞ በ1998። የወሎውን ወገል ጤና ኦፓል ዓለም ያወቀው በ2008 ነው፤ እሱን ይዞ «የ1950ዎቹ» የተባለ ቀለበት ቢያጋጥምዎ ብረቱ አሮጌ ይሆናል፣ ድንጋዩ ግን ትናንት የመጣ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ በቤተ ሙከራ የሠራው በታኅሣሥ 1954 ቢሆንም የወጣው ለፋብሪካ መቁረጫ የሚሆን ደቃቅ ነገር ነበር፤ ለጌጥ የሚበቃ አልማዝ ለመሥራት እስከ 1970 ቆይቷል። እንግዲህ የ1950 ቀለበት ላይ በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ ከተገኘ በቅርብ ጊዜ የገባ ነው።

ሰማያዊው ሳፋየርና ቀዩ ሩቢ ግን በዚህ ሕግ አይያዙም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርነይ ሩቢን በእሳት አቅልጦ የሚሠራበትን ዘዴ ይፋ ያደረገው በ1902 ነበር፤ ሳፋየሩም ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። በ1930ዎቹ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እነዚህ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች በደህና ወርቅ ላይ ሁሉ ይተከሉ ነበር። ስለዚህ ብረቱ፣ ማኅተሙና አሠራሩ ሁሉ የዘመኑ ሆኖ፣ ድንጋዩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው የነበረ ሆኖ፣ ከምድር ያልወጣ ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ ሐሰተኛ አይባልም። ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። በማጉያ ሲታይ በእሳት የተሠራው ድንጋይ ውስጥ የጎበጡ ጭረቶችና ክብ የአየር አረፋዎች ሊታዩ ይችላሉ፤ የተፈጥሮው የዕድገት መስመር ቀጥ ያለ ነው። ይህን ለመለየት ልምድ ስለሚጠይቅ ቀለም ያለው ድንጋይ ከፍ ባለ ዋጋ ከመገዛቱ በፊት የከበሩ ድንጋዮች ቤተ ሙከራ ይየው።

ማኅተሙ

ከቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል ያለው ማኅተም ብዙ ጊዜ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የጌጣጌጥ ሠሪ ማጉያ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ገዢው የራሱን ይዞ ይሂድ።

ወርቅን በተመለከተ የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በቁጥሩ ነው። አዲስ አበባ 18 ካራት፣ ከዐረብ አገር የሚመጣው 21 ካራት የለመደ ቤተሰብ የአሜሪካው ቀለበት 14 ካራት መሆኑን ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል። አልተታለለም። 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ፣ 14 ካራት 58.5 በመቶ ያህል ንጹሕ ወርቅ አለው፤ የአሜሪካ የዘመኑ የእጮኝነት ቀለበት በአብዛኛው 14 ነበር። ወርቁ ቢያንስም ይጠነክራል፤ ስስ ጥፍሮች አልማዝ ይዘው ሰባ ዓመት የቆዩት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግሊዞች ደግሞ በ18 ወይም በ9 ካራት ይሠሩ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት የፈቀደው ቁጠባ ያለበት የጋብቻ ቀለበት 9 ካራት ነው። ለእናትና ለአባት ይህን ቀድሞ ማስረዳት ከቅያሜ ያድናል።

የእንግሊዝ ማኅተም ከተገኘ ገዢው ዕድለኛ ነው። የለንደኑ መፈተሻ ቤት የነብር ራስ፣ የበርሚንግሃሙ የመርከብ መልሕቅ፣ የኤዲንብራው ግንብ ያትማል፤ ከጎኑ ያለው ፊደል በየዓመቱ ስለሚለወጥ ቀለበቱ የተፈተሸበትን ዓመት ይነግራል። ሆኖም ከ1975 በፊት ፈርጥ ያለባቸው ብዙ ቀለበቶች ይህ ይፋ ማኅተም የላቸውም፤ ፕላቲኒየምም በእንግሊዝ ይፋ ማኅተም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ «የ1938 ፕላቲኒየም» የተባለ ቀለበት የእንግሊዝን የፕላቲኒየም ይፋ ማኅተም ከያዘ አንድ ነገር አልገጠመም ማለት ነው። ፈረንሳዮች ለ18 ካራት ወርቅ የንስር ራስ፣ ለፕላቲኒየም ከ1912 ጀምሮ የውሻ ራስ ያትማሉ። አሜሪካ እንዲህ ያለ የመንግሥት መፈተሻ የላትም። ሠሪው ራሱ 14 ወይም 18 ቁጥርን ከካራት ምልክቱ ጋር ያትማል፤ ከ1961 ወዲህ ደግሞ የካራቱን ምልክት ካተመ የንግድ ምልክቱንም እንዲያትም ሕግ ያስገድደዋል። በድሮ የአሜሪካ ቀለበት ላይ 585 የሚል ቁጥር ብቻውን ካለ ቀለበቱ ከአውሮፓ የመጣ ወይም በቅርቡ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ማኅተም ሊጠፋም ሊጨመርም ይችላል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ይረዳል፦ ፕላቲኒየም በተመሳሳይ መጠን ከ14 ካራት ወርቅ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ በእጅ ሲይዙት ይታወቃል። በውስጡ የተቀረጸ ስምና ቀን ካለ ደግሞ እንዳይፋቅ እለምናለሁ። «የማን እጅ ነበረበት?» ብለው የሚጠይቁ አያቶች ይኖራሉ፤ ጥያቄያቸው የሚገባ ነው፣ መልሱም እዚያው ተጽፏል። በአንድ ወቅት ሁለት ሰዎች ቃል የተገባቡበት መሆኑን የሚያሳፍር ነገር አድርጌ አላየውም።

ያለበት ሁኔታ

ሁሉም ምስክሮች ቢስማሙም ቀለበቱ የደከመ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁለት ቀለበቶች አንዱን መምረጥ ቢኖርብኝ ድንጋዩ ያነሰውንና ብረቱ ያልተበላውን እወስዳለሁ። ቀለበቱ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ልብስ የሚያጥብ፣ ሕፃን የሚያቅፍ፣ ታክሲ ላይ የሚንጠለጠል እጅ ላይ የሚውል ነው።

መጀመሪያ ጥፍሮቹን ይዩ። በአሥርት ዓመታት ልብስና ጓንት ሲፈትጋቸው አናታቸው ይሳሳል። የጥጥ ክር በላያቸው ሲጎተት ከያዘ አንዱ ተነሥቷል። ቀለበቱን ከጆሮ አጠገብ ይዘው በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ድምፅ ከሰጠ ድንጋዩ ላልቷል። ቀጥሎ በመዳፍ በኩል የሚውለው የቀለበቱ ክፍል ይታይ፤ ሁሌም ቀድሞ የሚሳሳው እሱ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል ከቀጠነ አዲስ ብረት መጨመሩ አይቀርም፤ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ግራጫ የብየዳ እንክብል ካዩ በርካሽ እርሳስ የተጠገነ ነው። እሱን ማስወገድ ከባድ ነው፤ ወርቁ ሲሞቅ እርሳሱ ይበላዋልና። በፕላቲኒየም ላይ የሚታይ ቢጫ መስመርም የወርቅ ብየዳ ነው።

ጉዳት በትክክለኛው ቦታ መኖሩ ግን ጥሩ ምልክት ነው። «የ1950» ተብሎ ውስጡ ምንም ጭረት የሌለበት፣ የቅርጹ ጠርዞች የደነዙ፣ ብረቱ ላይ በማጉያ የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉበት ቀለበት ብዙውን ጊዜ በቅርቡ ከቅርጽ ማውጫ የወጣ ቅጂ ነው። ቅጂ መግዛት ነውር አይደለም፤ ዋጋው የቅጂ ከሆነ።

አልማዝ አይሰበርም የሚለውን አይመኑ። በጥንካሬ መለኪያው 10 ቢሆንም በተወሰነ አቅጣጫ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ጠርዙ ብዙ ጊዜ በጥፍር ሥር ተደብቆ የተሸረፈ ይገኛል። ሳፋየርና ሩቢ 9 ናቸው፣ ዕለት ዕለት ለመልበስ የታመኑ ናቸው። ኤመራልድ ከ8 በታች ሆኖ በውስጡ ስንጥቅ ይበዛበታል፤ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት ስለሚታከም በሙቅ ውኃና በንዝረት ማጠቢያ ይጎዳል። ኦፓልና ዕንቁ ለበዓል ይሁኑ እንጂ ለየቀኑ እጅ አልመክርም።

«አሮጌ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

ይህን አባባል ሻጮች ይወዱታል። አሮጌ አልማዝ መግዛት አዲስ ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ሲባል ግን አፍሪካዊ ገዢ ዝም ብሎ ሊሰማ አይገባም። የዘመኑ አልማዝ በብዛት የመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቤልጅየም ኮንጎ፣ ከሴራሊዮንና ከአንጎላ ነው፤ ሁሉም በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ወይም በነጮች አገዛዝ ሥር የነበሩ ናቸው። በደቡብ አፍሪካዋ ኪምበርሊ ጥቁር ማዕድን ቆፋሪዎች የሥራ ውላቸው እስኪያበቃ በታጠረ ግቢ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። ይህ ታሪክ የሚከብደው ሰው በአልማዝ ፈንታ ሳፋየር ወይም ተራ የወርቅ ክብ ቢመርጥ ምርጫውን አከብራለሁ። አልማዙን የመረጠም ከየት እንደመጣ አውቆ ይልበሰው።

ሲከፈል

የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ ጂ.አይ.ኤ.፣ የተቋቋመው በ1931 ነው፤ የአልማዝ ደረጃ ማረጋገጫ መስጠት የጀመረው ግን በ1955 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቀለበት «ከመጀመሪያው ቀን የጂ.አይ.ኤ. ወረቀት ያለው» ሊሆን አይችልም። ወረቀት ካለው በኋላ የተሠራለት ነው፤ ይህም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ቅርብ ዓመት የወጣ ወረቀት ይሻላል። በድንጋዩ ላይ ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡ የማስዋብ ሥራዎች፣ በጨረር መብሳትና ስንጥቅን በመስታወት መሰል ነገር መሙላት የመሳሰሉት፣ ተደርገው ከሆነ ያሳያል። የተሞላ አልማዝ ወርቅ ሠሪ እሳት ሲያቀርብበት ሊበላሽ ስለሚችል ይህን አለማወቅ ያስከፍላል። በሙቀት የሚሠሩት የአልማዝ መፈተሻ መሣሪያዎች ሞይሳናይትን ከአልማዝ ስለሚያምታቱ የሱቁ መሣሪያ ጮኸ ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።

በደረሰኙ ላይ የብረቱ ዓይነትና ንጽሕና፣ የእያንዳንዱ ዋና ድንጋይ ማንነት፣ የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ መሆኑ፣ የታወቀ ጥገናና የተተካ ድንጋይ፣ ግምታዊው ዘመን ይጻፍ። በቃል የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር፤ ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ በቃሉ አልተማመነም። ቀለበቱን ለሌላ ገማች ለማሳየት የሚበቃ የመመለሻ ጊዜም ይሰጥ። ገማቹ ከሻጩ ጋር ያልተሳሰረ ይሁን።

ነጭ ወርቅ የሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ ይጨምር። የአሜሪካ ነጭ ወርቅ ብዙ ጊዜ የነጣው በኒኬል ነው፤ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ስታደርግ ቆዳዋ የሚያሳክካት ሴት በእሱም ልትቸገር ትችላለች። በላዩ የሚቀባው ሮዲየም ለጊዜው ይከላከላል፣ ሲለበስ ግን ይለቃል። ፕላቲኒየም ወይም በፓላዲየም የነጣ ወርቅ ለእሷ ይሻላል።

መጠኑ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ክቡ ላይ ድንጋይ የሌለበት ቀለበት በሁለት ቁጥር ያህል ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል፤ ዙሪያውን ሁሉ በድንጋይ የተሞላ ግን አይነካም፣ ሲገዛ ልኩን መሆን አለበት። ወርቅ ሠሪው ክቡን የሚቆርጠው በመዳፉ በኩል ነው፤ ማኅተሙና የተቀረጸው ስም የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ለሥራ ከመሰጠቱ በፊት ውስጡ በማጉያ ፎቶ ይነሣ፣ መቁረጫው የሚያርፍበት ቦታ ከማኅተሙ ርቆ ምልክት ይደረግበት፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነም ለሠሪው ይነገረው፤ ኤመራልድ ከሆነ እሳት ከመቅረቡ በፊት ይነቀላል።